«ግማሽ ሰዓት»፦ የትምህርት ቤታችን ቲያትር ከመጀመሪያው ቀን እስከ መድረክ፣ ሀዋሳ

የካቲት 6

በቃ ተጀመረ። ዘንድሮ ለወላጆች ቀን መነባንብና አጫጭር ጭውውት ብቻ አይደለም፣ ሙሉ ቲያትር ነው የምናቀርበው ብዬ የክበቡን ልጆች ሰብስቤ ነገርኳቸው። ስለ ጓደኝነት ነው፣ ያውም ዓመታት ስለማይበጥሱት ጓደኝነት። 23 ልጆች መጡ፣ ከ9ኛ እስከ 11ኛ ክፍል። 12ኛዎቹን ሆን ብዬ ነው የተውኳቸው፣ ብሔራዊ ፈተናውን አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብተው ስለሆነ የሚፈተኑት ግንቦት ሰኔ ላይ ልባቸው እዚህ አይሆንም፣ እንዲሆንም አልፈልግም።

ማስታወሻውን የምይዘው አምና የሰራነውን ዘንድሮ ማንም ስለማያስታውሰው ነው፣ ምን እንደገዛን ምን እንደተበላሸብን ምን እንደሰራልን ሁሉም በየልጁ ጭንቅላት ቀርቶ ልጆቹ ተመርቀው ሄዱ። ሌላ ትምህርት ቤት ያለ የቲያትር ክበብ ቢጠቀምበትም ደስ ይለኛል። ልጆቹን በሚጫወቱት ገፀ ባህሪ እንጂ በስማቸው አልጠራም።

አዳራሹን ዛሬ በልብስ ሰፊ ሜትር ለካነው። መድረኩ 6 በ4 ሜትር ነው፣ ከወለሉ እስከ ጉልበቴ ከፍ ይላል። መጋረጃ የለውም። ሁለት ሶኬት አለ፣ የሚሰራው አንዱ ነው። ጣሪያው ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ።

የካቲት 13

እያንዳንዱ ልጅ ስለ ጓደኛው አንድ ገጽ ጽፎ እንዲመጣ ብዬ ነበር። 19 ወረቀት ተሰበሰበ። ማታ ቡና አፍልቼ ቁጭ ብዬ ሁሉንም አነበብኩና ከፋኝ። ልጆቹ ሰንፈው አይደለም፣ ሁሉም ንግግር ነው የጻፈው። «ጓደኛ ማለት በክፉ ቀን የሚደርስ ነው»፣ «እውነተኛ ጓደኛ ከወርቅ ይበልጣል» ምናምን። አንዱ ገጽ ላይ «ጓደኛ» የሚለውን ቃል ቆጠርኩት፣ 14 ጊዜ። አንብቤ ስጨርስ ግን ስለማን እንደሚያወራ አላወቅኩም፣ ረጅም ትሁን አጭር፣ ምን እንደሚያስቃት፣ ምን እንደምትጠላ፣ ምንም።

አንድ ወረቀት ግን ነበረ። የ10ኛ ክፍል ልጅ ናት፣ ግማሽ ገጽ እንኳን አልሞላችውም፣ እንዳለ ልገልብጠው፦

«ቅዳሜ ቅዳሜ ብር አዋጥተን አንድ ብስክሌት ለአንድ ሰአት እንከራያለን። ግማሽ ሰአት የሷ ግማሽ ሰአት የኔ ነው። በሷ ግማሽ ሰአት እሷ እኔን ከኋላ ትጭነኛለች በኔ ግማሽ ሰአት እኔ እሷን እጭናታለሁ። ስለዚህ ሁለታችንም አንድ አንድ ሰአት ሄድን ማለት ነው። ባለ ብስክሌቱ ግን የአንድ ሰአት ብቻ ነው የሚያስከፍለን።»

ይሄን ሂሳብ ሦስት ጊዜ ደግሜ አነበብኩት። ሀዋሳ ያደገ ሰው ወዲያው ይገባዋል፣ ከተማው ሜዳ ስለሆነ ልጅ እግሩ ፔዳል ከነካ ጀምሮ ብስክሌት ላይ ነው። ተውኔቱ ተገኘ። ርዕሱም «ግማሽ ሰዓት» ነው።

የካቲት 20

ታሪኩን ከአምስት ልጆች ጋር ሆነን ሰሌዳ ላይ አወጣነው። ምህረትና አስቴር ጎረቤት ናቸው። ጋሽ ዱካሌ ብስክሌት አከራይ ናቸው፣ ማን ስንት ሰዓት እንደወሰደ ደብተር ላይ ይመዘግባሉ። ልጆቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሳቸው ሱቅ ተነስተው ሐይቁ ዳር ፍቅር ሐይቅ የሚባለው ቦታ ደርሰው ይመለሳሉ። አንድ ቀን የአስቴር ቤተሰብ ከተማውን ይለቃል። መጀመሪያ ይደዋወላሉ፣ ከዛ ስልክ ይቀየራል፣ አንዷ ታገባለች አንዷ አረብ አገር ትሄዳለች፣ 20 ዓመት ያልፋል፣ ይገናኛሉ። ይሄው ነው።

ልጆቹ መሃል ላይ ክህደት እንዲገባበት ፈልገው ነበር፣ አንዷ የአንዷን እጮኛ ትቀማለች የሚል። ብዙ ተከራከርን። እኔ የያዝኩት፣ ጓደኝነትን አብዛኛውን ጊዜ የሚያቀጥነው ክህደት ሳይሆን ርቀትና ኑሮ ነው፣ የኛ ተውኔት ከሱ ጋር ይታገል የሚል ነው። አንዷ ልጅ ቀስ ብላ «እናቴ እኮ እንደዛ ናት፣ አብሮ አደጓ ጅማ ናት፣ አልተጣሉም፣ ዝም ብለው ነው የተጠፋፉት» አለች፣ ከዛ በኋላ የተከራከረ የለም።

የካቲት 27

ተዋናይ መረጣ። እንደ ሌላ ጊዜ ወረቀት ሰጥቼ ጮክ ብላችሁ አንብቡ አላልኩም፣ ጮክ ብሎ የሚያነብ ልጅ ጎበዝ አንባቢ መሆኑን እንጂ ከሌላ ሰው ጋር መድረክ ላይ መኖር መቻሉን አያሳየኝም። ሁለት ሁለት አድርጌ አንድ ዴስክ ከአዳራሹ ጫፍ እስከ ጫፍ ሳያወሩ ተሸክመው እንዲሄዱ አደረግኩ። አብዛኞቹ ይጓተታሉ፣ አንዷ ትቸኩላለች ሌላዋ ትንጠለጠላለች። አንድ ጥንድ ግን መሃል ላይ ሲደርሱ አጠር የምትለዋ እጇ ዛለና ቆመች፣ ፊት ያለችው ዞር ብላ ሳታያት እሷም ቆመች፣ ዴስኩን ጭኗ ላይ አሳርፋ ጠበቀቻት፣ ከዛ እኩል አነሱት። ምህረትና አስቴር እነሱ ናቸው። ከዛሬ በፊት አውርተው እንኳን አያውቁም፣ ሴክሽናቸውም የተለያየ ነው።

ብስክሌቱን የጻፈችው ልጅ መጫወት አልፈልግም አለች፣ ስለዚህ ስክሪፕቱን የምትይዘው፣ ቃል ለጠፋበት ከጎን ሹክ የምትለው እሷ ናት። ይሄ ሥራ የማይታይ ነው ግን ያለሱ ቲያትር የለም።

መጋቢት 8

አንድ ሕግ አወጣሁ፦ በተውኔቱ ውስጥ ማንም «ጓደኛ» ወይ «ጓደኝነት» የሚል ቃል አይናገርም። ተንጫጩ። «ቲቸር ስለ ጓደኝነት ነው እኮ!» እሱማ ነው፣ ለዛ ነው የከለከልኩት፣ ቃሉ ካለ ልጆቹ ቃሉን ተናግረው ሥራው ያለቀ ይመስላቸዋል፣ ቃሉ ከሌለ ግን በእጅ በዓይን በአካሄድ ማሳየት ግድ ይሆናል።

ጋሽ ዱካሌን የሚጫወተው ልጅ እጁን አወጣና «በሲዳምኛስ?» አለ። ሲዳምኛ ጓደኛን ጃላ ይለዋል። አሰብኩበትና አንዴ ብቻ ፈቀድኩለት። ምህረት መጀመሪያ ብቻዋን በምትመጣበት ቅዳሜ ጋሽ ዱካሌ ደብተራቸውን ይዘው ቀና ብለው ያዩዋትና «ጃላ?» ይሏታል፣ በቃ ይቺን አንዲት ቃል። ምህረት መልስ የላትም። በተውኔቱ ውስጥ እስካሁን ካሉት ቃሎች ሁሉ ይቺን ነው የወደድኳት፣ ያመጣትም እኔ ሳልሆን እሱ ነው።

መጋቢት 15

የብስክሌቱ ጉዳይ። 6 ሜትር መድረክ ላይ መንዳት አይቻልም፣ ሁለቴ ፔዳል ሳይመቱ ያልቃል። ብስክሌቱን ካርቶን ላይ ስለን እናቁመው ያለም ነበር፣ እኔ ግን እውነተኛ ብስክሌት መኖር አለበት ብዬ ሙጭጭ አልኩ። መፍትሔው ማቆሚያ ነው፦ የኋላውን ጎማ ከመሬት ትንሽ ከፍ የሚያደርግ ብረት፣ ያኔ ልጅቷ ፔዳል ስትመታ ጎማው ይዞራል ብስክሌቱ ግን እዛው ነው።

መናኸሪያ አካባቢ ያለ በያጅ ከቱቦላሬ ሰራልን። የመጀመሪያው ወደቀ። ምህረት ብቻዋን ስትቀመጥ ጥሩ ነበር፣ አስቴር ከኋላ መጫኛው ላይ ስትቀመጥ ግን ክብደቱ ከኋላው ጎማ መሃል አልፎ ወደ ኋላ ሄደና የፊት ጎማው ብድግ አለ፣ ሁለቱም ተያይዘው ወደቁ፣ የአስቴር ክርን ተላጠ። በጣም ደነገጥኩ። እዛው ጥናት አቁመን ወደ በያጁ ተመለስን። አሁን እግሩ ወደ ኋላ 40 ሴንቲ ረዘመ፣ ወደ ጎን 70 ሴንቲ ሰፋ፣ የፊት ጎማው ደሞ አሸዋ በሞላ ከረጢት ተይዟል፣ ከረጢቱን በሳር ሸፈንነው። ይሄን መሥራት የሚፈልግ ካለ ከኋላ የሚቀመጠውን ሰው መጀመሪያ ያስብበት።

ብስክሌቱ እየሄደ ለመምሰል ዛፎቹ ይሂዱ ተባለ። ስምንት የ9ኛ ክፍል ልጆች ቅርንጫፍ ይዘው ከብስክሌቱ ኋላ ከፊት ወደ ኋላ ያልፋሉ፣ ዞረው እንደገና ይመጣሉ። ስሞክረው አላመንኩም ነበር፣ ከአዳራሹ መጨረሻ ሆኜ ሳየው ግን ብስክሌቱ ሄደ! እውነት ሄደ። ቀስ ብለው ሲያልፉ ዳገት ይመስላል፣ ሲሮጡ ቁልቁለት።

አንዱ ልጅ አባ ኮዳ ነው፣ ትልቁ ወፍ። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያው ጋ የሚቆሙትን አስቡ፣ አንገታቸውን ቀብረው ልክ ዕዳ ሊጠይቁ እንደመጡ ሽማግሌዎች። ልጁ ወፍ መሆን አፍሮ ነበር፣ የክፍሉ ልጆች ይስቁብኛል ብሎ። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተክለሐዋርያት ተክለማርያም የጻፉት፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት የሚባለው ራሱ ገፀ ባህሪዎቹ እንስሳት እንደነበሩ፣ በንሱ በኩል ሹማምንቱን ተችተው ተውኔቱም እንደታገደ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና «አባ ኮዳ ሲቆም የትኛው እግሩ ላይ ነው?» አለኝ። ሄደህ እይ አልኩት።

መጋቢት 26

ለፊቼ ጨምበላላ፣ ለሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ግማሾቹ ልጆች አልነበሩም፣ ጥናት ሳምንት ዘለለ። ምንም አይደለም። ጋሽ ዱካሌ ገጠር አያቱ ጋ ከርሞ መጣና ሌላ ሰው ሆኖልኛል። በጨምበላላ ልጆች «አይዴ ጨምበላላ» እያሉ ከቤት ቤት ሲዞሩ አያቱ ደጅ ቁጭ ብለው እንዴት እንደሚቀበሏቸው ሲያይ ነበር የዋለው። አያቱ ጥያቄ ሲጠየቁ ከመመለሳቸው በፊት ጉልበታቸውን አንዴ በመዳፋቸው ይጠርጉታል፣ አቧራ ባይኖርም። ዛሬ ደብተሩን ከመክፈቱ በፊት ጉልበቱን ጠረገ፣ ያ የ17 ዓመት ልጅ በቃ ጠፋ፣ ሽማግሌ ነው የተቀመጠው። ጺም ልንለጥፍለት የነበረው ቀረ።

ሚያዝያ 9

አቋቋም። መድረኩን በጠመኔ ዘጠኝ ቦታ ከፈልነው፣ ፊት መሃል ኋላ፣ ቀኝ መሃል ግራ። ቀኝና ግራ የሚባለው በተዋናዩ በኩል እንደሆነ እስኪለምዱት ሁለት ቀን ፈጀ። ድምፅ ላይ ደሞ ማይክ አንጠቀምም፣ የአዳራሹ ስፒከር ይጮሃል። አንድ ልጅ መጨረሻው ወንበር ላይ ነጭ ነጠላ ይዞ ይቀመጣል፣ ያልተሰማው ቃል ሲኖር ነጠላውን ያነሳል፣ አይናገርም አያቋርጥም። ተዋናዩ ነጠላ ካየ ከዛ ቃል ይጀምራል። በመጀመሪያው ቀን ነጠላው ወርዶ አያውቅም፣ በአራተኛው ቀን ሦስቴ ብቻ ተነሳ። ጩኹ ከማለት ይሄ ይሻላል፣ ሲጮሁ ጉሮሯቸው ይደርቃል ቃሉም ይበላል፣ ይልቅ የቃሉን መጨረሻ አትዋጡት ነው የምላቸው፣ አማርኛ ላይ ግሱ መጨረሻ ስለሆነ እሱ ከተዋጠ ዓረፍተ ነገሩ በሙሉ ሄደ።

ሚያዝያ 24

ፋሲካ አለፈ፣ ዝናብ መጣ።

ዛሬ የመለያየቱን ትዕይንት ነበር የምናጠናው። ይሄ ትዕይንት ከመጀመሪያው አስቸግሮኛል። አስቴር ነገ ትሄዳለች፣ ሁለቱ ሱቁ ደጅ ቆመዋል፣ ስክሪፕቱ ላይ ለሁለቱም አንድ አንድ ገጽ ንግግር አለ፣ አልረሳሽም፣ ሁሌም በልቤ ነሽ፣ የሚል። ጓደኛ የሚለውን ቃል ከልክዬ ያንኑ ነገር በሌላ ቃል ነው የጻፍነው፣ እኔም ጭምር። 10:40 ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን መታው። አዳራሽ ውስጥ ሆነን ጎን ለጎን ያለው ሰው አይሰማም። ነጠላው ተነሳ፣ ተነሥቶም ቀረ። አቁሙ ልል ስል አስቴርና ምህረት አላቆሙም፣ አፋቸው ይንቀሳቀሳል ምንም አይሰማም፣ ትንሽ ቆይተው እነሱም መናገሩን ተዉትና ዝም ብለው ቆሙ። አስቴር የምህረትን የሹራብ ክር ተመዞ አየችና በጣቷ ጠቅልላ አስገባችላት። እኔ ኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ፣ ዓይኔ እንባ ሞላ።

ማታ አብሮ አደጌ ጋ ደወልኩ። አርባ ምንጭ ነው የምትኖረው፣ በዓመት ሁለት ሦስቴ ነው የምናወራው ግን ስንጀምር ትናንት ያቆምንበት ነው። ያኔ ከሀዋሳ ስትሄዪ መናኸሪያ ላይ ምን ተባባልን አልኳት። ሳቀች። «ምንም። የውሃ ፕላስቲክሽን ሰጠሽኝ፣ ክዳኑን ግን ይዘሽው ቀረሽ። እስከ ሶዶ በእጄ ደፍኜ ነው የሄድኩት።» እኔ ረስቼዋለሁ! ክዳኑን ኪሴ ውስጥ ሳገኘው ምን እንደተሰማኝ ግን አሁን ትዝ አለኝ።

ጠዋት ሁለቱንም ገጽ ሰረዝኩት። አሁን አስቴር የሚቀጥለውን ቅዳሜ ድርሻዋን፣ ያንን ሳንቲም፣ ምህረት መዳፍ ላይ ታስቀምጥና ጣቶቿን አንድ በአንድ ታጥፍላታለች። «የቅዳሜ» ትላታለች። ሌላ ቃል የለም። ምህረት ቅዳሜ ብቻዋን መጥታ ሙሉውን ትከፍላለች፣ ግን የራሷን ግማሽ ብቻ ትነዳለች። ጋሽ ዱካሌ «ግማሽ ሰዓት ቀሪ» ብለው ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ። ከ20 ዓመት በኋላ የሚገኘው ያ ደብተር ነው። የመጨረሻውን ትዕይንት ለሁለት ወር ስንፈልገው ነበር፣ እዚህ ተገኘ።

ግንቦት 6

አስቴር ልትሄድ ነው። አባቷ ሥራ ወደ ዲላ ተዛወሩ፣ ቤተሰቡ በዚህ ሳምንት ይሄዳል። ከጥናት በኋላ ቀርታ ነገረችኝ፣ ጫማዋን እያየች። የጥፋተኛ ድምፅ ነበር፣ ሰው እንዴት በዚህ ዕድሜ ለቤተሰቡ መዛወር ይቅርታ ይጠይቃል። አቅፌ አጽናናኋት፣ ቤቴ ስገባ ግን እኔም እንደሷ ሆንኩ። መድረክ ሊወጣ አንድ ወር ነው የቀረው።

ምህረት ለሁለት ቀን ጥናት አልመጣችም። አልተቆጣኋትም።

ግንቦት 9

የሦስተኛዋ ዛፍ ልጅ፣ የ9ኛ ክፍል፣ «ቲቸር እኔ ቃሉን አውቀዋለሁ» አለች። ሁለት ወር ሙሉ ቅርንጫፍ ይዛ ከኋላ ስትመላለስ የአስቴርን ክፍል በሙሉ ይዛዋለች፣ የት እንደምትተነፍስ ሳይቀር። ችግሩ እዛ ላይ ነው፣ የመጀመሪያዋን አስቴር ነው የምትጫወተው፣ ሳቋን ሳይቀር። ምህረት ደሞ አላየቻትም፣ ዓይኗ ከጆሮዋ በላይ ያልፋል፣ ሌላ ሰው ፍለጋ።

ስክሪፕቱን ወሰድኩባቸው። ዴስኩን ተሸከሙ አልኳቸው፣ እንደዛን ቀን። ሦስት ቀን ሙሉ ጥናታችን ዴስክ መሸከም ብቻ ነበር። አዲሷ ከምህረት በጣም ታጥራለች፣ ስለዚህ ዴስኩ ያዘነብላል። በሦስተኛው ቀን ምህረት ሳትጠየቅ ጎንበስ ብላ ያዘችው፣ ወገቧ እያመማት፣ እስከ ዳር። ያን ጊዜ ስክሪፕቱን መለስኩላቸው።

ግንቦት 19

መብራት። የቀለም ቆርቆሮ ውስጥ አምፖል አስገብተን ስድስት ፓውዛ ሰራን፣ ውስጡ ነጭ ቀለም ተቀባ ብርሃኑን እንዲመልስ። መጀመሪያ 100 ዋት የድሮውን አምፖል ነበር የተጠቀምነው፣ ፊቱ ላይ ያሰርነው ብርቱካናማ ፕላስቲክ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ መሽተት ጀመረ፣ ወዲያው ነቀልነው። ማንም እንዳይሞክረው፣ እሳት ነው። በኤልኢዲ ቀየርነው፣ እንደዛ አይሞቅም፣ ግን ዲመር ስናስገባለት ብልጭ ድርግም ይላል፣ ሁሉም ኤልኢዲ ዲመር አይቀበልም ለካ። የአይሲቲ ቴክኒሽያናችን አንድ ነገር አመጣ፦ ዲመሩን ተዉት፣ ለስድስቱም የየራሱን ማብሪያ ማጥፊያ ጣውላ ላይ ደርድሩና አንድ በአንድ አጥፉ። አሁን ማምሻው እንደዛ ነው የሚመጣው። ከተማችን ከሐይቁ በስተምሥራቅ ስለሆነ ፀሐይ የምትጠልቀው ሐይቁ ላይ ነው፣ ስለዚህ ሐይቅ ባልነው በኩል ያለው ብርቱካናማ መጨረሻ ይጠፋል። የጠዋት ዝግጅት ስለሆነ መስኮቶቹን በጥቁር ፕላስቲክ ሸፈንናቸው። ጠዋት ያደረግነው በዝናቡ ምክንያት ነው፣ እዚህ ዝናቡ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት ነው የሚይዘው።

ግንቦት 29

ጄነራል ጥናት በሙሉ ልብስ። 52 ደቂቃ ፈጀ። ለ20 ዓመቱ ብለን ፀጉራቸው ላይ የሕፃን ፓውደር ነሰነስን፣ መስኮቱ ተዘግቶ አዳራሹ ሲሞቅ ላብ አረገው፣ ግንባራቸው ላይ ሊጥ ሆኖ ወረደ። አጥበን ተውነው። አሁን ምህረት ነጠላ ትለብሳለች፣ ስትቀመጥ መጀመሪያ እጇን ወንበሩ ላይ ታሳርፋለች፣ እናቷ እንደዛ ናት የምትቀመጠው። አስቴር ወገቧን ቀና አድርጋ ነው የምትሄደው፣ ብዙ ዓመት የሰው ቤት ቆማ እንደሰራች ሴት። በቂ ነው።

መጨረሻው እንዲህ ነው። ጋሽ ዱካሌ ደብተሩን ይከፍታሉ፣ ጣታቸውን መስመሩ ላይ ያሳርፋሉ፣ ጉልበታቸውን ጠርገው «ግማሽ ሰዓት አለሽ» ይሏታል አስቴርን። ምህረት ኮርቻው ላይ አስቴር ከኋላ ትቀመጣለች። ዛፎቹ ያልፋሉ። ምህረት ፔዳል መምታት ታቆማለች፣ ጎማው ግን ይዞራል፣ ትክ ትክ ትክ እያለ፣ እየቀዘቀዘ፣ እየቀዘቀዘ። መብራቶቹ በየተራ ይጠፋሉ። ጎማው ሲቆም ያልቃል። ጥሩ ከተመታ 20 ሰከንድ ያህል ይዞራል። ያንን ድምፅ ሰው እንዲሰማው እፈልጋለሁ።

ሰኔ 7

አዳራሹ ሞልቶ ሰው በበሩ ቆሞ ነበር። የመጀመሪያዋ አስቴር ከዲላ በጠዋቱ መኪና መጣች፣ ቁጭ ብለሽ እዪ ስላት እምቢ አለች፣ «ምን ልስራ?» ብቻ። አዲሷ አስቴር የነበረችበት ሦስተኛው ዛፍ ቦታ ክፍት ነበር፣ ቅርንጫፉን ያዘች።

ሁሉንም አልጽፍም፣ ግማሹን እኔም ከጭንቀት አላየሁትም። አባ ኮዳው 50 ደቂቃ ሙሉ በአንድ እግሩ እየቀያየረ ቆመ። አንዴ ጋሽ ዱካሌ መስመር ዘለለ፣ የብስክሌቷ ልጅ ከጎን ሹክ አለችው፣ ማንም አላወቀም። «ጃላ?» ሲል ግን አዳራሹ ውስጥ አንዲት እናት «እኔን!» አሉ ጮክ ብለው።

መጨረሻው ላይ ሁለቱ ብስክሌቱ ላይ ሲወጡ እልልታ ቀለጠ። ጭብጨባው፣ ፉጨቱ። ደስ ይላል ግን የጎማው ድምፅ የለም፣ አይሰማም፣ ያ ሁሉ 20 ሰከንድ በእልልታ ውስጥ አለቀ፣ መብራቶቹ ወደ ማለቁ ናቸው፣ እኔ ከኋላ ሆኜ እጄን ነክሻለሁ። ምህረት ጎማው ሲቆም አልወረደችም። እልልታው እስኪበርድ ጠበቀች። አስቴር ከኋላ ራሷን ጀርባዋ ላይ አሳረፈች። የመብራቱ ልጅ ጣቱን ብርቱካናማው ላይ አድርጎ ያያታል፣ አላጠፋም፣ ማንም አልነገረውም። ከዛ ምህረት አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ፔዳሉን በኃይል መታችው። ትክ ትክ ትክ። ሰው ሁሉ ዝም አለ። እስከ መጨረሻው ተሰማ።

ሰኔ 10

የወጣው ጠቅላላ 3,150 ብር ነው፦ ብረትና ብየዳ 1,400፣ አምፖልና ገመድ ማብሪያ ማጥፊያ 1,150፣ ጥቁር ፕላስቲክ 600። ቅርንጫፍ፣ ነጠላ፣ የቀለም ቆርቆሮ በነፃ። ማቆሚያው የስፖርት ዕቃ ክፍል ተቀምጧል፣ ለሚቀጥለው ዓመት። ስክሪፕቱን የብስክሌቷ ልጅ በክረምት በንጹህ ትገለብጠዋለች።

ከሰዓት ብስክሌቱን ለባለቤቱ መለስን። ምህረት፣ ሁለቱም አስቴሮችና እኔ ገፍተን ወሰድነው፣ ትልቋ ማታ ወደ ዲላ ትመለሳለች። ባለቤቱ ጎማውን አሽከርክሮ ካቴናውን አየና ማን ነው ግራሶ የቀባው አለ፣ ምህረት ናት፣ በየሳምንቱ ነበር የምትቀባው። ልንሄድ ስንል ሦስቱ አልተንቀሳቀሱም። ኪሳቸውን ፈታተሹ፣ ሳንቲም ቆጠሩ፣ አዋጡ። ሰውዬው እስክርቢቶውን ከጆሮው ላይ አወረደና ስንት ሰዓት ልጻፍ አላቸው።

«አንድ» አለች ምህረት።

ለሦስት እንዴት እንደሚካፈሉት፣ ማን ከኋላ ማን ከፊት እንደሚሆን እየተከራከሩ ትቻቸው መጣሁ።